ከምረቃው ቀን በኋላ፦ ስለ ዘመናዊ የአደባባይ ጥበብ የተከታተልኩት የስምንት ሳምንት ትምህርት

ስለ ዘመናዊ የአደባባይ ጥበብና ስለ ማኅበራዊ ትርጉሙ በኢንተርኔት የሚሰጥ የስምንት ሳምንት ትምህርት በቅርቡ ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች በሌሎች መሰል ትምህርቶችም ላይ ያስተዋልኳቸው ስለሆኑ ያዘጋጀውን ተቋም በስም መጥራት አላስፈለገኝም፤ ይልቁንም ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት በግልጽ ማሳየት እፈልጋለሁ። እኔ የተመዘገብኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። አደባባይ ላይ የቆመ ቅርጽ ወይም ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ትርጉሙን የሚያገኘው ከየት ነው? ከሠራው ሰው እጅ ነው፣ ገንዘቡን ከፍሎ ካሠራው አካል ፈቃድ ነው ወይስ በየዕለቱ በአጠገቡ ከሚያልፈው ሰው? ትምህርቱ ለዚህ ጥያቄ የሰጠኝ መልስ እስከ አጋማሹ ድረስ እጅግ የሚያረካ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ራሱ የከፈተውን በር ሳይገባበት መልሶ ዘግቶታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በትርጓሜና በታሪክ ላይ ያተኮሩ ናቸው። መምህሯ የአደባባይ ጥበብን ከጋለሪ ጥበብ የሚለየው ቦታው ብቻ ሳይሆን የተመልካቹ ሁኔታም መሆኑን በሚገባ አስረድተዋል፦ ጋለሪ የሚገባ ሰው ለማየት ወስኖ ይገባል፤ አደባባይ ላይ የቆመ ሥራ ግን ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚጣደፈውን፣ ታሞ ወደ ሐኪም የሚሄደውንና ጥበብ የሚባል ነገር ጉዳዩ ያልሆነውን ሰው ሁሉ ሳያስፈቅድ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ይህ «ሳያስፈቅድ» የሚለው ቃል በኋለኞቹ ሳምንታት ሁሉ ደጋግሞ ተመልሶብኛል። የገንዘቡ ነገርም በአጭሩ ተነሥቷል። ፊላደልፊያ በ1959 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከግንባታ ወጪ ላይ የተወሰነ በመቶኛ ለጥበብ እንዲውል በደንብ የደነገገች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ከተማ መሆኗና ሌሎች ከተሞችም ፈለጓን መከተላቸው ተገልጿል። ክፍሉ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ቢሆንም አንባቢ የሆነ ሰው ከአንድ መጽሐፍ በአንድ ምሽት ሊያገኘው የሚችል ነው።

ትምህርቱ ነፍስ የሚዘራው በሦስተኛው ሳምንት፣ ዋሽንግተን ስላለው የቬትናም ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያ በሚናገረው ክፍል ነው። በ1981 ለውድድር ከቀረቡት 1,421 ንድፎች መካከል ያሸነፈው የ21 ዓመቷ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማያ ሊን ንድፍ ነበር፤ ዳኞቹ የአቅራቢዎቹን ስም ሳያዩ ንድፎቹን በቁጥር ብቻ እየለዩ ስለዳኙ የመረጡት የማንን ሥራ እንደሆነ አያውቁም ነበር። በ1982 የተመረቀው ሥራ እያንዳንዳቸው 75 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ጥቁር የግራናይት ግድግዳዎች ናቸው፤ ከዳርና ከዳር ከመሬት ብዙም ሳይነሡ ይጀምሩና ወደሚገናኙበት ማዕዘን ሲደርሱ ከሰው ቁመት በልጠው 3 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ከ58,000 የሚበልጡት ስሞች የሰፈሩት በማዕረግ ወይም በፊደል ተራ ሳይሆን ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን አብረው የወደቁ ሰዎች በድንጋዩም ላይ አልተለያዩም። ንድፉ ይፋ ሲሆን ጥቁር መሆኑን፣ ወደ መሬት ዝቅ ማለቱንና አንድም ጀግና አለማሳየቱን እንደ ውርደት የቆጠሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ቁጣቸውን ለማብረድም በ1984 የሦስት ወታደሮች የነሐስ ሐውልት በአቅራቢያው ቆሟል።

መምህሯ በዚህ ቦታ ያደረጉት ነገር ትምህርቱን ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ስለ ንድፉ ማብራራቱን አቁመው ሰዎች በግድግዳው ፊት ምን እንደሚያደርጉ ብቻ የሚያሳይ፣ ድምፅ የሌለው አጭር ምስል አሳዩን። አንዲት አሮጊት ወረቀቱን በአንድ እጃቸው ድንጋዩ ላይ ጠፍጥፈው ይዘው በሌላው እጃቸው እርሳሱን ጋደም አድርገው ቀስ ብለው ይፈገፍጉታል፤ ከግራጫው እርሳስ መካከል ነጩ ስም ፊደል በፊደል ይወጣል፤ ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ላይ ያሳርፉታል። ድንጋዩ እንደ መስታወት ስለተወለወለ የአሮጊቷ ፊት በስሞቹ መካከል ይታያል። ሰዎች በግድግዳው ሥር ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ ጫማና ሜዳልያ ማኖር ጀመሩ፤ ይህን አድርጉ ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም፣ በንድፉም ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም፤ ዛሬ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እነዚህን ስጦታዎች እየሰበሰበ ያስቀምጣል። ሥራውን የለቅሶ ቦታ ያደረጉት ለቅሶኞቹ ናቸው ማለት ነው። የማያ ሊን ብልኅነት ለዚህ ቦታ መተዋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የተተወን ቦታ የሚሞላ ሰው ባይመጣ ኖሮ ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህ ከፍታ በኋላ አራተኛው ሳምንት አሳዝኖኛል። ርእሱ የአሜሪካዊው ቀራጺ የሪቻርድ ሴራ «ቲልትድ አርክ» (ያዘነበለ ቅስት) ነው፤ በ1981 በኒው ዮርክ ከአንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ የተተከለ፣ 36 ሜትር ያህል የሚረዝምና ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው፣ ዝገት የለበሰ የብረት ግድግዳ ነበር። ግድግዳው አደባባዩን ለሁለት ስለከፈለው በየቀኑ ወደ ሥራ የሚገቡ ሰዎች ዙሪያውን እየዞሩ ለመሄድ ተገደዱ፤ ከ1,000 የሚበልጡ ሠራተኞችም እንዲነሣ ፈረሙ። በ1985 ጉዳዩን ለማየት ይፋዊ መድረክ ተዘጋጀ፤ ከብዙ ክርክርና ከፍርድ ቤት ሙግት በኋላ ሥራው በመጋቢት ወር 1989 በሌሊት ተቆራርጦ ተነሣ። ሴራ ሥራው ለዚያ ቦታ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ከቦታው ማንሣት ማጥፋት ነው ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራክሯል።

ትምህርቱ ይህን ሁሉ «ሕዝቡ አልፈልግም ስላለ ተነሣ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ደምድሞታል፤ በሳምንቱ መጨረሻ በቀረበው ፈተና ላይም ትክክለኛ ተብሎ የተያዘው መልስ ይኸው ነበር። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በዚያ መድረክ ላይ ከተናገሩት 180 ሰዎች መካከል 122ቱ ሥራው ባለበት እንዲቆይ፣ 58ቱ ደግሞ እንዲነሣ የተናገሩ ነበሩ፤ ጉዳዩን የመረመሩት የሸንጎው አባላት ግን 4 ለ 1 በሆነ ድምፅ ይነሣ አሉ። ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ የጥበብ ሰዎች እንደነበሩ አልክድም፤ አደባባዩን በየቀኑ የሚያቋርጥ ሠራተኛ ቅሬታ በሙዚየም ባለሙያ ምስክርነት ሊሸፈን አይገባውም። ነገር ግን አስቸጋሪውና ጠቃሚው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ «ሕዝቡ» የሚባለው ማን ነው? መድረክ ላይ ወጥቶ የተናገረው ነው፣ በወረቀት ላይ የፈረመው ነው ወይስ ሳይናገርም ሳይፈርምም በየቀኑ ግድግዳውን ዞሮ ያለፈው? ስለ አደባባይ ጥበብ ማኅበራዊ ትርጉም አስተምራለሁ የሚል ትምህርት ይህን ጥያቄ ባለ አራት ምርጫ ፈተና ማድረጉ ተማሪውን መበደል ነው። ረዘም ያለ ማብራሪያ ጽፌ ብልክም ነጥቡ ከመቀነሱ በቀር መልስ አላገኘሁም፤ ነጥቡ አላሳሰበኝም፣ ክርክሩ ሳይደረግ መቅረቱ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ክፍያዬን ያላስቆጨኝ የአምስተኛው ሳምንት የመስክ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሚያገኘው አንድ የአደባባይ ሥራ አጠገብ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለሁለት ሰዓት፣ በማለዳ፣ በቀትርና አመሻሽ ላይ እንዲቀመጥ ይጠየቃል። ደንቡ አንድ ነው፤ በማስታወሻው ላይ ሰዎች ምን እንዳደረጉ እንጂ ምን እንዳሰቡ መጻፍ አይቻልም። እኔ የመረጥኩት እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ ሁለት ትላልቅ የብረት ሰሌዳዎችን ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የሠሪውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ገንዘቡን የሰጠውን አካልና ስለ አንድነት የሚናገር ረጅም ርእስ ይዟል።

በስድስቱ ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ቆሞ ሲያነብ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ማስታወሻዬ በሌላ ነገር የተሞላ ነው፦ ተደገፈ፣ ጠበቀች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጫማውን አሰረ፣ ስልክ አወራ፣ ተቃቀፉ። በቀትር ጊዜ የሰሌዳዎቹ ጥላ ቀስ እያለ ሲዞር ከሥሩ የተቀመጡት ሰዎችም ሳይነጋገሩ አብረውት ቦታ ይቀይሩ ነበር። «ብረቱ ጋ ነኝ» ሲሉ በስልክ የሰማኋቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራው ለሚያውቁት ሰዎች ስሙ ይህ ነው። አመሻሽ ላይ ልጆች ሰሌዳውን በመዳፋቸው ይመቱና ጆሯቸውን ለጥፈው ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጣሉ። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የሰው ጀርባ በሚያርፍበት ልክ፣ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ አብረቅርቋል። ያንን ያበራውን ቦታ ከዚህ በፊት አላየሁትም ነበር፤ በዓመታት ውስጥ እዚያ የተደገፉ ሰዎች ሁሉ ሳያውቁት አብረው የሠሩት ነው።

በማለዳው ክፍለ ጊዜ የመጡት በዕድሜ ገፋ ያሉ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ባልዲያቸውን አስቀምጠው የወፍ ኩስ ያረፈበትን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፣ በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል የተወተፈውን ወረቀት በቀጭን እንጨት አወጡ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ የምትጽፈው ስለ እኔ ነው?» አሉኝ። «ስለ ብረቱ ነው፣ እናቴ» አልኳቸው። «ስለ ብረቱማ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ» ብለው ዝናብ ሲጥል ውኃው የት እንደሚቋጥር፣ የቱ ብሎን እንደላላና ሰዎች በየትኛው ሰሌዳ ላይ መጻፍ እንደሚወዱ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ይህን ሁሉ ጻፍኩ።

ከዚህ በኋላ የቀረበው የስድስተኛው ሳምንት ትምህርት ጥሩ አፈር ላይ ነው የወደቀው። ጀርመናዊው ጉንተር ዴምኒግ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚያስቀምጣቸው የመታሰቢያ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ በላያቸው ባለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ በናዚዎች የተሳደደ የአንድ ሰው ስም፣ የትውልድ ዓመትና ዕጣ ፈንታ ተጽፎ ሰውየው በፈቃዱ ከኖረበት የመጨረሻ ቤት ደጃፍ ይተከላሉ። በ2023 ቁጥራቸው 100,000 ደርሷል። ስሙን ማንበብ የፈለገ ሰው አንገቱን መድፋት አለበት። ነሐሱ ካልተወለወለ ስለሚጠቁር በየጊዜው የሚወለውሉት የዚያው ሠፈር ነዋሪዎች ናቸው፤ ተንበርክኮ የማያውቁትን ሰው ስም መወልወል የሥራው አንድ ክፍል ሆኗል። መምህሯ የተቃውሞውንም ድምፅ አላለፉትም፦ የሙኒክ ከተማ የሟቾች ስም በእግር ሊረገጥ አይገባም የሚለውን የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪዎች ቅሬታ ተቀብላ በከተማው መንገዶች ላይ እንዲተከሉ አልፈቀደችም። ሁለቱም ወገኖች ሙታኑን ለማክበር የሚከራከሩ በመሆናቸው በዚህ ክፍል ላይ ቀላል ፍርድ አልተሰጠንም፤ አራተኛው ሳምንትም እንዲህ መቅረብ ነበረበት።

የኮሎምቢያዊቷ የዶሪስ ሳልሴዶ ሥራዎችም በዚሁ ሳምንት ቀርበዋል። በ2002 በቦጎታ የፍትሕ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ፣ በ1985 በዚያ ስፍራ የደረሰውን እልቂት ለማስታወስ፣ 280 ባዶ ወንበሮች በ53 ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ ከጣሪያው ወደ ታች ወርደዋል። በ2018 ደግሞ በአገሯ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ታጣቂዎች ካስረከቡት 37 ቶን የጦር መሣሪያ የተሠራ ወለል አበረከተች፤ ወለሉ የተቀረጸበትን ቅርጽ በመዶሻ የቀጠቀጡት በጦርነቱ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ናቸው። ጎብኚው መሣሪያውን ቀና ብሎ አያየውም፣ በእግሩ ይቆምበታል። ይህን ሥራ ሳይ ቪዲዮውን አቁሜ ለጥቂት ጊዜ ተነሥቼ ሄጃለሁ።

ሰባተኛው ሳምንት ስለሚፈርሱ ሐውልቶች ነው። በ1895 በእንግሊዟ የብሪስቶል ከተማ የቆመው የባሪያ ነጋዴው የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት በሰኔ 2020 በሰልፈኞች ተጎትቶ ባሕር ወደብ ውስጥ መጣሉ፣ ከዚያም ወጥቶ ቀለም እንደተቀባ ሙዚየም ውስጥ ተጋድሞ ለዕይታ መቅረቡ ተነግሯል። ርእሰ ጉዳዩ ትልቅ ሆኖ ሳለ የተሰጠው ጊዜ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ነበር፤ ከ20 ደቂቃ በማይበልጥ ቪዲዮ የ125 ዓመት ነገር አይነገርም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን የጥገናና የጽዳት ነገር መዘለሉ ነው። አርቲስት ሚርል ላደርማን ዩክልስ በ1979 እና በ1980 የኒው ዮርክን 8,500 የጽዳት ሠራተኞች እየዞረች እያንዳንዳቸውን በመጨበጥ ከተማዋን በሕይወት ስላቆዩ አመስግናለች፤ ሥራዋ ያ መጨባበጥ ነበር። ለእኔ ከአደባባይ ጥበብ ሁሉ ወደ ጥያቄዬ ይበልጥ የቀረበው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንድን ሥራ አቁሞ መመረቅና ለ40 ዓመት ቆሞ እንዲታይ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ሁለተኛውን የሚሠሩት ሰዎች ስም ደግሞ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ትምህርቱ ለዩክልስ የሰጣት አራት ደቂቃ ነው። የመስክ ሥራውን ያሰበ ያው ሰው ይህን እንዴት ሊያልፈው እንደቻለ አልገባኝም። ስንቱ ሥራ ለመትከያ እንጂ ለመንከባከቢያ በጀት ሳይያዝለት እንደሚቆም፣ ቀለሙ ሲረግፍ ማን እንደሚጠየቅ፣ ሠፈርተኛው «የእኛ ነው» የሚለው መቼ እንደሆነ፣ ሁሉም በዚያ በር በኩል የሚገኙ ነገሮች ነበሩ።

ስለ አገልግሎቱ አሰጣጥ ደግሞ ጥቂት ልበል። በሳምንት አራት ሰዓት ይበቃል ቢባልም እኔ ከሰባት በታች አልፈጀብኝም፤ የመስክ ሥራው ባለበት ሳምንት ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የቪዲዮዎቹ ጥራት መልካም ነው፣ በስልክም ያለ ችግር ይታያሉ፤ በምስሎቹ ሥር የሚወጣው ጽሑፍ ግን የሰዎችንና የቦታዎችን ስም በተደጋጋሚ ስለሚያሳስት በእርሱ ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም። የጽሑፍ ሥራዎች የሚታረሙት በተማሪዎች እርስ በርስ ነው። ከአራሚዎቼ አንዱ ሁለት ገጽ አንብቦ ሁለት ገጽ መልሶልኛል፤ ሌላው «ጥሩ ነው» ብሎ አልፏል። ጉዳዩን በጥልቀት ለሚያውቅ ባለሙያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀልሉበታል። ለመምህራን፣ ስለ አደባባይና ስለ መናፈሻ ለሚወስኑ ሰዎችና ለወጣት ሠዓልያን ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ጊዜ የሚያጥረው ሰው ደግሞ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሳምንት ብቻ ቢከታተል ከሞላ ጎደል የሚፈልገውን ያገኛል።

የስምንተኛው ሳምንት የመጨረሻ ሥራ በመስክ ለተመለከትነው ቅርጽ አዲስ የሰሌዳ ጽሑፍ በ100 ቃላት ማዘጋጀት ነው። እኔ ስለ ጥላው፣ ስለ ልጆቹ መዳፍ፣ ጀርባ ስላበራው ብረትና በየማለዳው ስለሚጠርጉት እናት ጻፍኩ፤ «የአርቲስቱን ዓላማ አይገልጽም» ተብሎ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ወረቀቱን ከማስረከቤ በፊት ግን በማለዳ ሄጄ ለእርሳቸው አንብቤላቸው ነበር። ጨርቃቸውን እንደያዙ እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ውኃው የሚቋጥረው በዚህ በኩል እኮ ነው፣ ልጄ» ብለው በቀኝ በኩል ካለው ሰሌዳ ሥር አሳዩኝ። እኔ በግራ ብዬ ጽፌ ነበር፤ እዚያው ቆሜ አረምኩት።